የእንግዳ ዋይፋይ

ፕሪንተሩ ማንም ሳይነካው መሥራት ጀመረ።

ትንሣኤ ከሒሳብ ደብተሯ ቀና አለች። በጠባቧ የእንግዳ መቀበያ ክፍል ውስጥ ከእሷ በቀር ማንም አልነበረም። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሆኗል። ሸዋ ሮቢት ላይ በዚህ ሰዓት ውሻ እንኳ ከጥላው አይወጣም። ባጃጆቹ ከዛፉ ሥር ተደርድረው ቆመዋል፤ ሾፌሮቹ እግራቸውን ወደ ውጭ አውጥተው ያንኮራፋሉ። ፕሪንተሩ ግን እንቅልፍ አልነበረውም። እያጓራ አንድ ወረቀት ተፋ።

ወረቀቱን አነሳችው። የመታወቂያ ኮፒ ነው። ፎቶው ጠቁሮ ወጥቷል፤ ቢሆንም ክፍል ስድስት ያረፈችው የመሠረት ፊት መሆኑ አይጠፋም። ከመታወቂያው ሥር «ክፍል 6» የሚል ጽሑፍና የስልክ ቁጥር አለ። የእጅ ጽሑፉ የራሷ የትንሣኤ ነው። አዲስ እንግዳ ሲመጣ መታወቂያውን በነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጣ፣ ከሥሩ የክፍሉን ቁጥርና ስልኩን ጽፋ፣ ስካን አድርጋ ኮምፒውተሩ ውስጥ የምታስቀምጠው እሷ ናት። የመሠረትን ያስቀመጠችው እሑድ ነበር። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ዛሬ ደግሞ ኮምፒውተሩን አልነካችውም።

ከኮሪደሩ የነጠላ ጫማ ድምፅ መጣ፤ ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ። ትንሣኤ ምን እንዳሰበች ሳታውቅ ወረቀቱን ደብተሯ ውስጥ ከተተችው።

የመጣው የክፍል ሁለቱ ሰውዬ ነው። መዝገቡ ላይ «በቀለ፣ የማሾ ነጋዴ» ተብሎ ተጽፏል። የመጣው እሑድ ማታ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ጊዜም ገበያ አልወጣም፤ አንዲት ጣሳ ማሾ ሲሸምት ያየው የለም። ራሴን ያመኛል እያለ ከላፕቶፑ ጋር ክፍሉን ዘግቶ ይውላል። በሩ ላይ ቆሞ መጀመሪያ የፕሪንተሩን አፍ አየ። ቀጥሎ ትንሣኤን አየ።

«የኔ እህት፣ ቅድም ይሄ ነገር ሲጮህ የሰማሁ መሰለኝ።»

«ወረቀት ተቀርቅሮበት ነው፤» አለች ትንሣኤ።

«እንዲህ ነው?» ፈገግ አለ። «ውሃ አለ? ቀዝቃዛ።»

ቀድታ ሰጠችው። ቀስ እያለ ጠጣና ብርጭቆውን ፕሪንተሩ ላይ አስቀምጦ ሄደ።

ፔንሲዮኑ የእናቷ የጌጤ ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ በሚወስደው መንገድ ዳር ስምንት ክፍሎች፣ ከኋላ ደግሞ የቤተሰቡ ቤት። የሞባይል ዳታ ከተዘጋ ሁለት ወር ሊሞላው ነው፤ የጌጤ ቤት ኢንተርኔት ግን በስልክ መስመር ስለሚመጣ ይሠራል። የዋይፋዩ ፓስዎርድ በየክፍሉ በር ጀርባ ተለጥፏል። ለእንግዳውም፣ ለጌጤ ስልክም፣ ለኮምፒውተሩም፣ ለፕሪንተሩም አንድ ነው። ደብረ ብርሃን ኮሌጅ የሚማረው ወንድሟ ዘላለም ራውተሩን የተከለ ጊዜ የእንግዳውን ለብቻ ላድርገው ብሎ ነበር። ጌጤ ተቆጣች። «ለእንግዳ ሌላ፣ ለቤት ሌላ ማዕድ እኔ ቤት ቀርቦ አያውቅም!» አለች። ነገሩ በዚሁ አለቀ። ከእሷ ጋር ስለ እንግዳ የተከራከረ ሰው አሸንፎ አያውቅም፤ ራሷ ትንሣኤ እንኳ ስትናደድ «የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ» ትላታለች።

ትንሣኤ ግን ከዚያ የባሰ ነገር አድርጋለች። ጥቅምት ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያሉትን ፊልሞች አልጋዋ ላይ ተኝታ በስልኳ ማየት ፈለገች። ፎልደሩን በዋይፋዩ እንዲታይ ከፈተችው፤ ስልኳ ግን በገባች ቁጥር ፓስዎርድ እየጠየቀ አሰለቻት። አንድ ቀን ተናደደችና ዲስኩን እንዳለ ከፍታ «ለሁሉም ሰው» የሚለውን ነካችው። ከዚያ ወዲያ የጠየቃት የለም። ፊልሞቹ እዚያ ነበሩ። የእንግዶቹ መታወቂያም እዚያው ነበር። ለእነሱ ሳታስብ ቀርታ አይደለም፤ አስባ «ደሞ የማሾ ነጋዴ መታወቂያ ማን ያያል!» ብላ ትታው ነው።

መሠረት እየሮጠች መጣች። ነጠላዋን እንኳ አልደረበችም።

«እናትሽ የት አሉ?»

ጌጤ ከጓሮ እጇን እየጠረገች ገባች። መሠረት ስልኳን ዘረጋችላቸው። መልእክት ነው። ቁጥሩን አታውቀውም።

«ክፍል 6። መስኮቱ ወደ ጓሮ ነው፤ ብረት የለውም። ሐሙስ ቤትሽ ብትውዪ ይሻልሻል።»

ሐሙስ ምን እንዳለ ጌጤም ትንሣኤም ያውቃሉ። መሠረት ከከተማው ወጣ ብሎ መንገድ ዳር ማንጎ ትሸጥ ነበር። ሚያዝያ ላይ አንድ የጭነት መኪና ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ ገጨ። ልጁ ሞተ። ፖሊስ ሲደርስ ረዳቱ «የነዳሁት እኔ ነኝ» አለ። መሠረት ግን መሪውን የያዘውን ሰው በዓይኗ አይታለች፤ የመኪናው ባለቤት ልጅ ነው። ሌላ ያየ የለም። ማስፈራሪያ ሲበዛባት ወደ ዘመዶቿ ወደ ጣርማ በር ሸሽታ ነበር፤ አሁን የመጣችው ሐሙስ ፍርድ ቤት ቀርባ ያየችውን ልትመሰክር ነው። የት እንዳረፈች ለእናቷ እንኳ አልነገረችም።

«የክፍሌን ቁጥር ማን ነገራቸው? ስልኬንስ? ይሄን ቁጥር ያወጣሁት በቀደም ነው!» አለች መሠረት። «እኔ በቃኝ፤ ነገ ጠዋት ወደ ጣርማ በር እወጣለሁ። የልጁ እናት ይቅር ትበለኝ።»

የጌጤ ፊት ጠቆረ። «ከዚህ ቤት ነው የወጣው፤» አለች። «ክፍል ስድስት የሚገባ ደግሞ አንድ ሰው ነው። ውባለም!»

እትዬ ውባለም አንሶላ ተሸክመው መጡ። አሥራ አንድ ዓመት ይሄን ቤት ያጸዱ ሴት ናቸው። ትንሣኤን አንደኛ ክፍል ስትገባ እጇን ይዘው ትምህርት ቤት ያደረሷት እሳቸው ናቸው።

«ለማን ነው የነገርሽው?» አለቻቸው ጌጤ።

«ምኑን?»

«የልጅቷን ክፍል! ስንት ሰጡሽ?»

እትዬ ውባለም አንሶላውን ቀስ ብለው ወንበር ላይ አስቀመጡ። «ጌጤ፣ በመድኃኔ ዓለም! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከዚህ ቤት መርፌ አንስቻለሁ?»

«መርፌማ ምን ያደርጋል! ወሬ ነው የሚሸጠው። ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ።»

ትንሣኤ አፏን ከፈተች። ወረቀቱ ደብተሯ ውስጥ ነው፤ ደብተሯ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ነው። እትዬ ውባለም አዩዋት፤ ልጅቷ አንድ ነገር ትልልኛለች ብለው እንደሚጠብቁ ዓይናቸው ይናገራል። ትንሣኤ አፏን መልሳ ዘጋችው። በኋላ ይሄን ቀን ባስታወሰች ቁጥር ከሰውየው ፈገግታ ይልቅ የሚያማት ይህ ነው።

ከቤቱ ኋላ ከፓፓያው ሥር ሆና ለዘላለም ደወለች። ያለችውን ሁሉ እየተጣደፈች ነገረችው። ዘላለም ሳያቋርጥ ሰማትና፦

«ዲስኩን ለሁሉም ከፍተሽዋል እንዴ?» አለ።

«አይ…»

«ትንሣኤ።»

«አዎ።»

«አንቺ ፋራ! ቤታችንን አንድ ክፍል አደረግሽው እኮ። በሩን ያለፈ ሁሉ አልጋሽ ላይ ይቀመጣል። ዋይፋዩን የያዘ ሰው ኮምፒውተሩን ያያል፤ ፕሪንተሩንም ያያል። ሰውየው ወረቀቱን ማየት ፈልጎ በስህተት ፕሪንት ብሎት ይሆናል።»

«አሁን ምን ላድርግ?»

«አሁንማ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ግን ስሚኝ፤ ምንም ከመንካትሽ በፊት ራውተሩ ውስጥ ግቢ። ማን ማን እንደተገናኘ ዝርዝር አለ። በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ከዚያ ዲስኩን ዝጊና ራውተሩን ለሁለት ክፈይው፤ አንዱ የቤት፣ አንዱ የእንግዳ። እንግዶቹ ኢንተርኔት ያገኛሉ፤ የእኛን ነገር ግን አያዩም። የእንግዳውን ስትከፍቺ ‹የቤቱን ኔትወርክ እንዲያዩ ይፈቀድ› የሚል ምልክት ታገኛለሽ። እሱን አጥፊው። ዋናው እሱ ነው። የቤቱን ፓስዎርድ ደሞ ቀይሪ፤ ያለዚያ በአሮጌው ቁልፍ ይገባል።»

«እሺ።»

«ትንሣኤ፤ ለእማዬ ነግረሻታል?»

ኔትወርክ የተቋረጠ አስመስላ ስልኩን ዘጋችው።

ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። የራውተሩን ገጽ ከፈተች፤ የተገናኙት ሁሉ ተደርድረው መጡ። የእናቷ ስልክ። የእሷ። ፕሪንተሩ። ኮምፒውተሩ። የሦስት እንግዶች ስልክ። ከሁሉም በታች አንድ ስም፦ «ካሳሁን ላፕቶፕ»። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ አልተቋረጠም።

መዝገቡን ገለበጠች። ካሳሁን የሚባል እንግዳ የለም። ላፕቶፕ ያለው አንድ እንግዳ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በቀለ ነኝ ብሏል። የመታወቂያውን ኮፒ ፈለገች። አጣችው። ከስሙ አጠገብ በእናቷ የእጅ ጽሑፍ «መታወቂያው ጠፍቶበታል፤ ያመጣል» ይላል።

ዝርዝሩን ፎቶ አነሳች። ከዚያ ዘላለም እንዳላት አደረገች። ዲስኩን ዘጋች፤ የእንግዳውን ለየች፤ ምልክቱን አጠፋች፤ የቤቱን ፓስዎርድ ቀየረች። የራውተሩ መብራቶች ሁሉም ጠፍተው እንደገና በሩ። ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀባትም። አሁን ማንም ምንም አያውቅም። ጥፋቱ ተዘግቷል፤ ዝም ካለች እስከ መጨረሻው ተዘግቶ ይቀራል። ይህ ሐሳብ አንድ አፍታ ደስ አሰኛት። ወዲያው ደግሞ ራሷን ጠላች።

ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ።

«ኔትወርኩ ተቋረጠብኝ፤» አለ ሰውየው ከበሩ ላይ።

የእንግዳውን አዲስ ፓስዎርድ በወረቀት ጽፋ ሰጠችው። እዚያው ቆሞ ስልኩን ነካካ፤ ጠበቀ፤ እንደገና ነካካ። የሚፈልገውን እንዳጣ ከግንባሩ ታወቀ። ቀና ብሎ ለረጅም ጊዜ አያት።

«ጎበዝ ልጅ ነሽ፤» አለ። «ብልጥ ልጅ ግን ሁሉን ነገር አይነካካም።»

እሱ ከሄደ በኋላ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። እትዬ ውባለም በሩ አጠገብ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ልብሳቸው በፌስታል ተቋጥሮ ጉልበታቸው ላይ ነው። አልሄዱም። የት እንደሚሄዱም የሚያውቁ አይመስሉም። ክፍል ስድስት ውስጥ መሠረት ሻንጣዋን ስትጎትት ይሰማል።

ትንሣኤ ደብተሯን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። እናቷ የደረቁትን አንሶላዎች ከገመዱ ላይ እያወረደች ነበር፤ ብቻዋን።

«እማዬ፣ እትዬ ውባለም አይደሉም።»

«ታዲያ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

ጌጤ አንሶላውን እንደያዘች ቆመች። ትንሣኤ ወረቀቱን አወጣች፤ የስልኳን ፎቶም አሳየቻት። ስለ ፊልሙ፣ ስለ ዲስኩ፣ ስለ ካሳሁን ላፕቶፕ ሁሉንም ነገረቻት። አለቅሳለሁ ብላ ነበር፤ እንባዋ ግን አልመጣም።

«አውቀሽ ነው?» አለች ጌጤ።

«ስከፍተው እንዲህ ይሆናል ብዬ አይደለም። ቅድም እትዬ ውባለምን ስትቆጪያቸው ግን አውቄ ነበር። አውቄ ዝም አልኩ።»

ጥፊ ጠብቃ ዓይኗን ጨፈነች። ጥፊው አልመጣም።

«ያንን ጫፍ ያዢ፤» አለች እናቷ።

አንሶላውን ለሁለት ሆነው አጠፉት። ሁለተኛውን አጠፉ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ጌጤ ተናገረች፤ ዓይኗ አንሶላው ላይ ነው። «መታወቂያዬ ጠፋኝ ሲለኝ አምኜ አስገባሁት። ደክሞታል፣ የሰው አገር ሰው ነው ብዬ። ውባለምን ግን አሥራ አንድ ዓመት ዓይኗን እያየሁ አላመንኳትም።»

«ዋይፋዩን ለሁለት ከፈልኩት እማዬ። የእንግዳውን ለብቻ።»

የጌጤ ፊት በልማድ ሊቆጣ ዳዳው። «ለእንግዳ ሌላ…»

«ሌላ አይደለም። ኢንተርኔቱ ያው ነው፤ ማዕዱ አንድ ነው። ጓዳ እንዳይገቡ ብቻ ነው ያደረግኩት። አንቺስ እንግዳ ጓዳሽ ታስገቢያለሽ?»

ጌጤ ጓዳ የገባ እንግዳ በዕድሜዋ የለም። የታጠፉትን አንሶላዎች ለትንሣኤ አሸከመቻትና ወደ ውጭው በር ሄደች። ምን እንደተባባሉ ከጓሮ አይሰማም። ትንሣኤ ያየችው እናቷ ጎንበስ ብላ የእትዬ ውባለምን ጉልበት ስትነካ፣ እትዬ ውባለም ፊታቸውን ሲያዞሩ፣ ቆይተው ደግሞ ፌስታላቸውን ለጌጤ ሲያቀብሉ ነው።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ መሠረት የቤተሰቡ ቤት ገባች። ጌጤ ፍራሽ ጓዳዋ ውስጥ አነጠፈችላት፤ ከእህል ጎታውና ከበርበሬው ማሰሮ አጠገብ። እትዬ ውባለም የክፍል ስድስትን መብራት አብርተው ባዶውን ቆለፉት። ጌጤ ዐቃቤ ሕጉ ጋ ደወለች፤ ወረቀቱንና ፎቶውን ሐሙስ ይዘው እንዲመጡ ነገራት። «ሰውየውን እስከዚያ አትንኩት፤ ያወቃችሁ አይምሰለው። መረጃው እንዴት እንደወጣ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል፤» አለ።

«እኔ አስረዳለሁ፤» አለች ጌጤ ስልኩን ከዘጋች በኋላ። «አንቺ ሐሙስ የሒሳብ ፈተና አለብሽ።»

«ራውተር ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«ቀይ መብራት ያለው ሳጥን ነው።»

መሠረት ከሁለት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ሐሙስ ጠዋት ሦስቱ ሴቶች ቀድመው ወጡ። ትንሣኤ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንግታ ከኋላቸው ተከተለች። ሰውየው በረንዳው ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል። እስከ ትናንት በነጠላ ጫማ ነበር። ዛሬ ቆዳ ጫማ አድርጎ ክሩን ጥብቅ አድርጎ አስሯል።

ሴቶቹ ሲያልፉ ምንም አላለም። መሠረትን ቀና ብሎም አላያትም። ትንሣኤ ስታልፍ ግን ስልኩን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አይደል ሒሳብ?» አለ በለስላሳ ድምፅ። «ክፍል ዘጠኝ ሐ። እንዳይረፍድብሽ የኔ እህት።»

የፈተናውን ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ የጻፈችው ትንሣኤ ራሷ ናት። እሱም ዲስኩ ላይ ነበር። ለካ የመሠረት መታወቂያ ብቻ አይደለም፤ የእሷ የትንሣኤ ሰዓት፣ ክፍል፣ ፎቶ፣ ሁሉም በዚህ ሰውዬ ኪስ ውስጥ ነው። ይህን ደግሞ ምንም ፓስዎርድ አያስመልሰውም።

መንገዱ ላይ ቆመች። ትምህርት ቤቱ ወደ ግራ ነው፤ ባጃጅ ቢያዝ አምስት ደቂቃ። ፍርድ ቤቱ ወደ ቀኝ ነው። መሠረት በእናቷና በእትዬ ውባለም መሀል ሆና ትሄዳለች፤ እርምጃዋ እያጠረ፣ ዓይኗ በየመኪናው ላይ እየተንከራተተ።

ትንሣኤ ቦርሳዋን ከፈተች። ጠቁሮ የወጣው ወረቀት ለእናቷ መስጠቱን ረስታው አሁንም በሒሳብ ደብተሯ ውስጥ ነው። አራት ቦታ አጠፈችውና የዩኒፎርሟ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ሮጣ ደረሰችባቸው፤ የመሠረትን ክንድ ያዘች።

«ትምህርት ቤቱ በዚያ ነው፤» አለች ጌጤ።

«አውቃለሁ፤» አለች ትንሣኤ።

ጌጤ ልጇን አየቻት፤ ከዚያ በትከሻዋ ላይ አሻግራ በረንዳውን አየች። ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ ያዘችላት።

አራቱም ወደ ቀኝ ታጠፉ። ከኋላቸው በረንዳው ላይ ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማ፤ ቀጥሎ የቆዳ ጫማ ኮቴ። መሠረት ደነገጠች። ትንሣኤ ክንዷን ጠበቅ አደረገችና እርምጃዋን ሳትለውጥ ሄደች።